ባለቤት ያለው ጫካ፦ የከፋን ደንና ባህል ለመጎብኘት ማወቅ ያለብዎት

ወደ ከፋ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይነሳል፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሊያይ፣ የቡናን መገኛ ሊረግጥ። ሁለቱም አሉ። ጉብኝቱን የሚያበላሸው ደኑን ሰው የሌለበት፣ መኪና አቁሞ ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ አድርጎ ማሰብ ነው። እዚህ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው። ከሥሩ ያለው ቡና የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጉብታ የአንድ ጎሳ የአምልኮ ስፍራ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የደን ማኅበርና የወረዳው ጽሕፈት ቤት የተፈራረሙት ውል አለ። ይህን የተረዳ ጎብኚ ፈቃዱም፣ መንገድ መሪውም፣ ክፍያውም ፈር ይይዝለታል። ያልተረዳው ጫካው ጫፍ ላይ ከአንድ ገበሬ ጋር ሲከራከር ፀሐይ ትጠልቅበታለች።

ምን ዓይነት ደን ነው?

ከፋ ዞን በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። ከተማው ቦንጋ ነው፤ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አካባቢው በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት (ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ) ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት በኢሉባቦር የያዩ ደን፣ በኋላም በ2004 የሸካ፣ በ2009 የማጃንግ ደኖች ተመዝግበዋል።

«የዝናብ ደን» ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣለት የኮንጎ ወይም የአማዞን ወበቅ ነው። የከፋ ደን ከዚያ ይለያል። አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ያለ ደጋማ ደን ስለሆነ ማለዳው ጉም ነው፣ ቀኑ ለስለስ ያለ ነው፣ ሌሊቱ ጃኬት ያስለብሳል። ቁምጣና ሰንደል ይዞ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ምሽት ጋቢ ሲጠይቅ ይገኛል። ዝናቡ በዓመት ከስምንት ወር የማያንስ የሚዘንበው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር በእነዚህ ተራሮች ሲገፋ ወደ ላይ ወጥቶ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ከአገሪቱ እርጥቡ ጥግ ይኸው ደቡብ ምዕራቡ ነው።

ደኑን ሲገቡበት ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይለማመዱ። ከላይ ከ30 ሜትር በላይ የሚዘልቁ እንደ ቀረሮ ያሉ ዛፎች አሉ። ከእነሱ በታች ሰሳ፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ጌተምና የዝንጀሮ ወንበር ይታያሉ። ከዚያ በታች በጥላ የሚኖር ቡና አለ፤ ወንዝ ዳር ደግሞ ግንድ አውጥቶ እንደ ዛፍ የቆመ ፈርን ያጋጥማል። መሬቱ ላይ ኮረሪማ አለ፤ ቀዩ ፍሬው ከቅጠሉ ጋር ከላይ አይንጠለጠልም፣ ከሥሩ አጠገብ ከአፈሩ ብቅ ይላል። ብዙ ጎብኚ ረግጦት ያልፋል። በርበሬና ቅቤ ማጣፈጫ የሆነው ጥምዝም የዚሁ ጥላ ልጅ ነው።

ጫካው የማን ነው?

በሕግ ደረጃ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሦስት ቀጠና አለው። ውስጠኛው ጥብቅ ቀጠና ነው፤ ከአጠቃላዩ ስፋት ከአሥር አንድ እጅ ያንሳል፤ እርሻም፣ እንጨት መቁረጥም፣ ቡና መመንጠርም የተከለከለበት ነው። ቀጥሎ ያለው መከላከያ ቀጠና ሰው ማር፣ ቡናና ቅመም እየለቀመ ደኑን ሳይጎዳ የሚጠቀምበት ነው። ሦስተኛው ሰፊው የልማት ቀጠና ቤቱ፣ እርሻው፣ የሻይ ልማቱና ከተማው ያለበት ነው። ለጎብኚ ምን ማለት ነው? «ደን ገባሁ» ብሎ የሚዞርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ መከላከያ ቀጠናው ነው፤ ሰው ሠርቶ የሚያድርበት ቦታ ማለት ነው። ጥብቅ ቀጠና ለመግባት የተለየ ምክንያትና የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለአንድ ሳምንት ለመጣ ሰው ግን መከላከያ ቀጠናው ይበቃል፤ እንዲያውም የሰውና የደን ኑሮ የሚታይበት እሱ ስለሆነ የተሻለ ነው።

ከሕጉ ሥር የቆየ ሌላ ሥርዓት አለ። በከፋና በሸካ ጫካው «ኮቦ» እየተባለ በድርሻ የተከፈለ ነበር። የኮቦ ባለቤት በድርሻው ውስጥ ባሉት ዛፎች ቀፎ የመስቀል መብት ነበረው፤ መብቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሌላው ሰው በዚያ ማለፍ ይችላል፣ ደረቅ እንጨትም ይለቅማል፤ ቀፎ መስቀል ግን አይችልም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ኮቦ በሕግ ቀረ። በሰው ዘንድ ግን ድንበሩ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ለዚህ ነው አስጎብኚዎ ምንም ምልክት በሌለበት ቦታ ቆም ብሎ «ከዚህ ወዲያ የእነ እገሌ ነው» የሚለው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቦንጋ አካባቢ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም ይህንኑ ልማድ ወደ ጽሑፍ ውል ያመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ በየቀበሌው ያለው ማኅበር ከወረዳው ጋር ይፈራረማል፣ ደኑን ይጠብቃል፣ በለውጡ ማሩን፣ ቡናውንና ቅመሙን ይጠቀማል።

ሦስተኛው ጉዶ ነው። ጉዶ በጎሳ የሚጠበቅ ቅዱስ ቦታ ነው፤ ኮረብታ፣ የዛፎች ክምችት ወይም አንድ ትልቅ ዛፍ ሊሆን ይችላል። በሸካ ወንዝና ምንጭ ዳር ያሉትን ደዶ ይሏቸዋል። በጉዶ ውስጥ ዛፍ አይቆረጥም። የጎሳው ሽማግሌ በወቅቱ መሥዋዕት ያቀርባል፣ ምስጋና ያደርሳል። አንዳንዱ ቦታ ለሌላ ጎሳ ሰው ወይም ለሴት የተከለከለ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ አይግቡ። እግረ መንገድ ለማለት፣ በእርሻ መካከል ብቻውን የቀረ ጥቅጥቅ ያለ የደን ቁራሽ ካዩ፣ ከቁጥጥሩ ይልቅ እምነቱ ያተረፈው መሆኑን ይጠርጥሩ።

መቼ ይሄዳል?

ደኅናው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። ያኔም ቢሆን ዝናብ ፈጽሞ አይጠፋም፤ መንገዱ ግን ይይዛል፣ ጉሙም ረፋድ ላይ ይገፈፋል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ደኑ በውኃ ይጠግባል። ዋናው አስፋልት አያስቸግርም፤ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቀበሌ የሚወስደው ቀይ አፈር ግን ባለ አራት ጎማ መኪናንም ያንሸራትታል።

የሚያዩት ነገር ወሩን ይወስናል። ቡና ሲለቀም ማየት የሚፈልግ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይሂድ፤ ዝቅ ያለው ቦታ ቀድሞ ይደርሳል፣ ደጋው ይዘገያል። የጌተም ማር ሲቆረጥ ለማየት ሚያዝያና ግንቦት ናቸው፣ ከነጭቃቸው። ወፍ ለሚከታተል ደረቁ ወቅት ይሻላል። ሁሉን በአንድ ጉዞ እጨርሳለሁ የሚል ሰው ኅዳር ላይ ቢሄድ ቡናውንም ያገኛል፣ መንገዱም አያስቸግረውም።

ጉዞና ፈቃድ

በመኪና ከአዲስ አበባ በወልቂጤ፣ በጊቤ ሸለቆ አድርጎ ጅማ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ከጅማ ቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ ከፋ ገቡ ማለት ነው። በአንድ ቀን መግባት ይቻላል፣ ግን በጨለማ መንዳት ያመጣል፤ ጅማ አድሮ መነሳት ይሻላል። በአውሮፕላን ጅማ ድረስ መጥቶ ከዚያ በሚኒባስ መቀጠልም አለ። ከመነሳትዎ በፊት የዚያን ሳምንት የመንገዱን ሰላም በስልክ ቦንጋ ያለ ሰው ይጠይቁ፤ የወር አሮጌ ወሬ አይጠቅምም።

ፈቃዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቦንጋ የዞኑ የባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይሄዳሉ። ማንነትዎንና የት የት መግባት እንደሚፈልጉ ተናግረው ለወረዳው ደብዳቤ ይወስዳሉ። ወረዳው ለቀበሌው ይጽፋል ወይም ይደውላል። ቀበሌው ከደን ማኅበሩ ጋር ያገናኝዎታል፤ ማኅበሩ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይመድባል። በአጠቃላይ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ሰውየው መስክ ወጥቶ ከሆነ ግን ወደ ሙሉ ቀን ይሄዳል። ትልቁ ስሕተት ዓርብ ማታ ቦንጋ መግባት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ስለማይከፈት ሁለት ቀን ያለ ደብዳቤ ይቀመጣሉ። እሑድ ማታ ገብተው ሰኞ ጧት ቢሮ መድረስን የመሰለ የለም። ገናና ጥምቀትንም ከቀን መቁጠሪያው ያውጧቸው።

ደብዳቤው ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ ያለ ደብዳቤ የገባ እንግዳ በገበሬው ዓይን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መሬት ፈላጊ ባለሀብት፣ ጣውላ ነጋዴ፣ ወይም ዘር ለቃሚ። ሦስቱም ከዚህ በፊት መጥተዋል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ደግሞ ክልክል ነው፤ ለመውሰድ ያሰበ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ይጨርስ፤ ካልሆነ ቤቱ ይተወው።

ክፍያውን ለይተው ያስቡት። ለማኅበሩ ወይም ለቀበሌው የሚከፈለው በደረሰኝ ይሁን። ለመንገድ መሪው በቀን የተስማሙበት ሒሳብ በእጁ ይሰጠዋል። ቀፎ ያሳየዎት ወይም ቤቱ ቡና ያፈላልዎት ሰው ሦስተኛ ነው። ሁሉን ለአንድ ሰው ሰጥቶ «አንተ አከፋፍል» ማለት ከሄዱ በኋላ ጠብ ጥሎ ማለፍ ነው። ዝርዝር ብር ከቦንጋ ይዘው ይውጡ፤ በቀበሌ መቶ ብር የሚዘረዝር ማግኘት ከባድ ነው። ለሕፃናት ከረሜላና ሳንቲም አይስጡ፤ ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣውን እንግዳ ከትምህርት ቤት ቀርተው እንዲጠብቁ ያደርጋል።

በደኑ ውስጥ

በደን ውስጥ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። በዳገትና በጭቃ አንድ ሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ ጥሩ ነው። ከጧቱ 12፡30 ይነሱ፤ እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ለእንስሳት ወርቅ ነው። ጉሬዛ ማለዳ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ለማየት አይከብድም። ደ ብራዛ የሚባለው ነጭ ጢም ያለው፣ ግንባሩ ብርቱካንማ የሆነ ጦጣ ግን ወንዝ ዳር ነው የሚውለው፤ ሰው ሲሰማ አይሸሽም፣ ደርቆ ይቀራል። እየሄዱ አያገኙትም። አንድ ቦታ ቆመው ማዶውን ዛፍ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መፈተሽ ነው። ሶሪት ስትበር ክንፏ ቀይ ይሆናል፤ ቆማ ግን አረንጓዴ ስለሆነች ቅጠሉ ውስጥ ትጠፋለች። በረግረጉ በኩል፣ ለምሳሌ አለምጎኖ፣ ባለ ዘውድ ክሬን የሚባለው ወፍ ይታያል። አንበሳም፣ ነብርም፣ ጎሽም በዚህ ደን አሉ፤ የአንበሳው በፎቶ ጭምር ተረጋግጧል። አያለሁ ብሎ ለአንበሳ የሚመጣ ሰው ግን ገንዘቡን ያባክናል። ዝሆን የሚፈልግ ደግሞ ከፋ አይምጣ፣ በዳውሮና ኮንታ ወዳለው ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ይሂድ።

የሚለበሰው ነገር ቀላል ነው፤ ረጅም ሱሪ ከካልሲው ውስጥ የገባ፣ ረጅም እጅጌ፣ ቦቲ ወይም ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ የዝናብ ልብስ። ሱሪው ካልሲ ውስጥ የሚገባው ለጉንዳን ነው። ጉንዳኑ መንገዱን በሰልፍ ያቋርጣል፤ ቆመው ወደ ላይ ወፍ ሲያዩ ጉልበት ላይ ሲደርስ ነው የሚነክሰው። ሳማን ቅጠሉን ከአሁኑ ይለዩት፤ ዳገት ላይ ሲንሸራተቱ የሚይዙት ቅጠል እሱ እንዳይሆን። ሽቶ አይቀቡ፣ ጥቁር ልብስም አይልበሱ፤ ቀፎ አጠገብ ንብን ያስቆጣሉ። ንብ ከተነሳ እጅዎን አያወራጩ፣ ፊትዎን ሸፍነው ወደ ጥቅጥቁ ቁጥቋጦ ይሽሹ። ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር ያነሰ ውኃ አይያዙ። ከጅረት በአፍ ጎንበስ ብለው አይጠጡ፤ አልቅት ጉሮሮና አፍንጫ ውስጥ ትጣበቃለች፣ ለማውጣትም ሐኪም ቤት ያስኬዳል። የጅረት ውኃ ከተፈላ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ያፍሉት፤ ከፍ ባለ ቦታ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው።

ፀሐይ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ ጫካው ውስጥ ግን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ 10፡30 ላይ ከደኑ ጠርዝ መውጣት አለብዎት። የራስ ባትሪ ቀኑን አልፈልገውም ብለው አይተዉ። ከመንገድ መሪው የተለየ ሰው የሚጠፋው የከብት ዱካን መንገድ ነው ብሎ ተከትሎ ነው፤ የከብት ዱካ ወደ ውኃ ይወስዳል፣ ወደ ቤት አይወስድም። ከጠፉ ባሉበት ቆመው ይጣሩ።

የጫካ ቡናውን ቀረብ ብለው ይዩት

ከቦንጋ በስተ ደቡብ በዴቻ ወረዳ ያለው ማንኪራ «እናት ቡና» የሚባለው ጥንታዊ ዛፍ የሚታይበት ነው። የመጨረሻው መንገድ በእግር ነው። (ጅማ ላይ ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች። በቦንጋ ሆቴል ይህን ርዕስ ያለ ምክንያት አያንሱ።) ቡና ዘረ መሉ ከሁሉም በላይ የተለያየው በእነዚህ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ መሆኑ ግን አያከራክርም፤ የዓለም አረቢካ በሽታና ሙቀት ሲያሸንፈው የሚታሰበው መጠባበቂያ እዚህ ያለው ነው።

በጫካው ያለ ቡና የጓሮውን አይመስልም። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ብርሃን ወዳለበት አዘንብሏል፣ የዛፍ ሽበት ወርሶታል። ቅርንጫፉ ይሳሳል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ አብረው ይታያሉ። ስለዚህ ለቃሚው ቀዩን ብቻ እየመረጠ በየሁለት ሳምንቱ መመለስ አለበት። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። እሸቱ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በስሱ ተዘርግቶ እየተገላበጠ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይደርቃል፤ ደርቆ ከነገለባው ያለው ጀንፈል ይባላል። መሬት ላይ የተሰጣው የአፈር ጠረን ይስባል፣ ሌሊት ሳይሸፈን ያደረው ይሻግታል። ጥራት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዛፉ ላይ አይደለም፣ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው።

አሁን የሚከብደው ክፍል። «የጫካ ቡና» በሚል ስም የሚጠራው ነገር አንድ አይደለም። አንደኛው ሰው ያልነካው፣ እንዲሁ የሚለቀመው ነው፤ ምርቱ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከፊል የጫካ ቡና ነው፤ ገበሬው ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ጥላውን ያሳሳል፣ ባዶ ቦታ ላይ ችግኝ ይተክላል። ምርቱ ይጨምራል፤ ግን በየዓመቱ የሚመነጠረው ቁጥቋጦ ውስጥ የነገው ቀረሮና ሰሳ ችግኝም አለበት። ትልልቆቹ ዛፎች ስላሉ ከሩቅ ሲታይ ደን ነው፤ ሲያረጁ የሚተካቸው ግን አልበቀለም። ይህን ለመለየት ወደ ላይ አይመልከቱ፣ ወደ ጉልበትዎ ይመልከቱ። በጉልበትና በወገብ ቁመት የደን ዛፍ ችግኝ ካለ ደኑ ይቀጥላል፤ ከቡና በቀር ምንም ከሌለ ጥላ ያለው የቡና እርሻ ላይ ቆመዋል። ገበሬውን ለመውቀስ አይቸኩሉ፤ በሔክታር የሚያገኘው ልዩነት ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ነው።

ማሩ

ባህላዊው ቀፎ አንድ ሜትርና ከዚያ የሚበልጥ ርዝመት ያለው ቱቦ ነው፤ ከተፈለፈለ ግንድ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል፣ በቅጠል ይለበጣል፣ በሐረግ ይታሰራል። ንብ እንዲገባበት ውስጡ ጠረን ባለው ቅጠል ይታጠናል። ከዚያ በሐረግ ገመድ እየተሳበ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ አንዳንዱ ከ20 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው ንቡ አበባ እንዲቀርበው፣ ከሌባና ከእንስሳም እንዲርቅ ይጠቅማል። ማር የሚቆረጠው ሲመሽ ነው፤ ንብ በጨለማ ስለማይበር። ቆራጩ ጭስ ይዞ በሐረግ ይወጣል። ለፎቶ ብላችሁ በቀን ውጡ ብሎ ማስገደድ ሰውን ለንብና ለውድቀት መዳረግ ነው፤ ያለውን ቀፎ ከታች ማየት ይበቃል።

ሲገዙ ይህን ይወቁ። የጌተም ማር ነጣ ያለና ቶሎ የሚረጋ ነው። ብዙ ሰው የረጋ ማርን ስኳር ገብቶበታል ብሎ ይተወዋል፤ የአበባው ጠባይ ነው። የብሳናው ጠቆር ይላል፣ የግራዋው መረር ይላል። ከነሰፈፉ ያለ ማር ወደ አዲስ አበባ ሲወስዱ ዕቃውን ጢም አድርገው አይሙሉ፤ በጅማ ሙቀት ይነፋና ሻንጣውን ይሞላል።

ሰዎቹ

በዞኑ በብዛት የሚኖሩት ካፈቾዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ካፊኖኖ ነው። ናኦና ጫራም አሉ። ከፋ እስከ 1897 (እ.ኤ.አ.) ታቶ በሚባሉ ነገሥታት ይመራ የነበረ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በዚያ ዓመት ተማረኩ። ይህን እያወቀ የሚገባ እንግዳ ጥያቄው ይለወጣል፤ «ቡና ብቻ» ብሎ የመጣ ሰው አረጋውያኑን ያሳዝናል። የሚበላው እንሰት ነው፤ ቆጮው ሲሠራ ጓሮ ገብቶ ማየት ይቻላል፣ ግን የቤቱ ሴቶች ሥራ ስለሆነ ፈቃድ ከእነሱ ይጠየቃል።

ማንጆዎች በደኑ ዳር የሚኖሩ፣ ከዚህ ቀደም በአደን የኖሩ፣ ዛሬም ብዙዎቹ እንጨትና ከሰል በመሸጥ የሚተዳደሩ ማኅበረሰብ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው አይበሉም፣ ቤታቸውም አያስገቧቸውም ነበር፤ መድልዎው ዛሬም አልጠፋም። ጎብኚ ይህን ሊያባብስ ወይም ሊያቃልል ይችላል። አስጎብኚ ሲመደብ ማንጆ የሆነ ሰውም እንዲኖር ይጠይቁ፤ ዱካ ማንበብ ላይ ብዙዎቹ የሚወዳደራቸው የለም። ክፍያው እኩል ይሁን፣ በእጁም ይስጡት፤ በሌላ ሰው በኩል ከላኩት ሳይደርሰው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቤታቸው ቡና ከቀረበልዎ ይጠጡ፤ አጃቢዎችዎ ያያሉ። ስለ እነሱ በሌላ ሰው አፍ የሚነገር ቀልድና ተረት ካጋጠመዎት አይሳቁ።

ለፎቶ ቀድሞ መጠየቅ የታወቀ ነው። ያልታወቀው በአምልኮ ቦታ ፈቃዱን የሚሰጠው የጎሳው ሽማግሌ እንጂ አስጎብኚው አለመሆኑ ነው። ሥርዓት ሲፈጸም ካጋጠመዎት ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሥርዓቱ ለእንግዳ ሲባል እንዲደገምም አይጠይቁ።

ስንት ቀን?

ቦንጋ ላይ አራት ቀን ቢቆዩ ይበቃዎታል። ሰኞ ደብዳቤና ገበያ፤ የቡና ሙዚየሙ ክፍት መሆኑንም ያጣሩ። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ደን። ረቡዕ ማንኪራ፤ እሱም ቀኑን ይበላል። ሐሙስ ቀለል ያሉትን፤ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ያለውን የውሽውሽ ሻይ ልማት፣ የባርታን ፏፏቴ፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለውን በተፈጥሮ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ። ከጅማ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚሉት ጉብኝት አስፋልትና ምሳ ብቻ ነው።

ጤና

ቦንጋ ከተማ ደጋ ስለሚመስል ብዙ ሰው ወባን ይረሳል። የጎጀብ ሸለቆና ዝቅተኛው ቦታ ወባ አለበት። አጎበር ይያዙ፤ ከመሄድዎ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያነጋግሩ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚመጣ ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ ወባ ታምሞ ከነበረ «ሰውነቴ ለምዶታል» ይላል፤ ለዓመታት ከወባ አካባቢ የራቀ ሰው ያ መከላከያ ይቀንስበታል። ከተመለሱ በኋላ በሳምንታትም ሆነ በወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎት የሄዱበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ካልነገሩት ጉንፋን ብሎ ይሸኝዎታል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ ይወሰዳል። ፈጣን ወንዝ ዳር በቀን የምትነክሰው ጥቁር ትንሽ ዝንብ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ናት፤ ለጥቂት ቀን ጎብኚ ስጋቱ ትንሽ ነው፣ ቢሆንም ፏፏቴ ሥር እጅጌዎን አይሰብስቡ።

ይዘው ሊወጡ የሚችሉትና የማይችሉት

የተቆላ ቡና፣ ማር፣ የደረቀ ኮረሪማና ጥምዝ ለራስ በሚሆን መጠን ከኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ወይም ከገበያ ይግዙ፤ ደረሰኙንም ይያዙ። የጉሬዛ ቆዳ፣ የነብር ጥፍር ቢቀርብልዎት አይግዙ፤ በኬላም በኤርፖርትም ያስይዛል። ከደኑ የቡና ችግኝ፣ ለዘር የሚሆን እሸት ቡና፣ የኮረሪማ ዘር ወይም የመድኃኒት ሥር ነቅሎ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ሕጉ የዘሩን ሀብት ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰቡን ዕውቀትም ይሸፍናል። «በረንዳዬ ላይ እተክለዋለሁ» የሚለው ምክንያት አይቆጠርም። በሚኖሩበት አገር ሲደርሱም ያልተቆላ ፍሬና ሥር ያለው ተክል በጉምሩክ የሚወረስበት ቦታ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቡናውን ቦንጋ አስቆልተው፣ ቀዝቅዞ አስታሽገው ይውጡ።